ዜና መዋዕል ዘስድስት ኪሎ

ይህ በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ የቆመው የታላቁ ትምህርት ቤት ዜና ነው። ከትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ግን የቦታውን ነገር እንጽፋለን፤ ቦታው ቤተ መንግሥት ነበርና፤ ስሙም ገነተ ልዑል ይባል ነበር። በ1929 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ የካቲት 12 ቀን፣ ጣሊያን አገሩን ይዞ ሳለ፣ እንደራሴው ግራዚያኒ በዚሁ ግቢ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት፤ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያም ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው በእሳትና በጥይት አለቀ፤ የሞተውን ኢትዮጵያ 30,000 ነፍስ ብላ ትቆጥረዋለች። ጣሊያን በግቢው ውስጥ አንድ ደረጃ አቆመ፤ የእርከኑም ቁጥር ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ባለፉት ዓመታት ልክ ነው። ነጻነት በተመለሰ ጊዜ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ወጣበት። ደረጃው ዛሬም አለ።

ከዚህ ትምህርት ቤት በፊት አገራችን ከፍ ያለ ትምህርት አልነበራትም የሚል ቢኖር አይደመጥም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ድጓ የሚሻ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም የሚሻ ወደ ጎንደር፣ ቅኔ የሚሻ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ይሄድ ነበር። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ የመንደሩ ውሻ እየጮኸበት ቁራሽ እየለመነ ይማር ነበር። አዲሱ ቤት በተሠራ ጊዜ ግን እነዚያን ሊቃውንት መምህር አድርጎ አላስቀመጣቸውም። ጸሐፊው ይህን የቤቱ የመጀመሪያ ጉድለት አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ያለፈውን ትምህርት የሚያውቁት በደጅ ቀርተው፣ የመጣውን የሚያውቁት ከውጭ አገር ተጠሩ።

በ1943 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በጃንሆይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ በአራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። ትምህርቱ በታኅሣሥ ተጀመረ፤ ምርቃቱም በየካቲት 20 ቀን ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 33 ነበሩ። አለቃቸው ዶክተር ሉሲየን ማት ተባሉ፤ ከካናዳ ከኩቤክ የመጡ ኢየሱሳዊ ካህን ናቸው፤ ቀድሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ይመሩ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቁም። ዐፄ ሱስንዮስ ስለ ኢየሱሳውያን ሃይማኖት ሕዝባቸውን እርስ በርሱ አፋጅተው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ፤ ዐፄ ፋሲልም እነዚያን አባቶች ከአገር አስወጡ። ከ300 ዓመት በኋላ የዚያው ማኅበር ልጆች በንጉሥ ጥሪ ተመለሱ። ሆኖም ልብሰ ክህነታቸውን አውልቀው፣ ከረባት አስረው፣ ሃይማኖት ሳይሰብኩ እንዲያስተምሩ ነበር። እነርሱም ቃሉን ጠበቁ። በዚያ ሱባዔ በሚመስል ኮሌጅ ምግቡም መኝታውም በነጻ ነበር።

በተከታዮቹ ዓመታት ሌሎች ኮሌጆች ተነሡ። የምሕንድስናው በአዲስ አበባ፣ የሕዝብ ጤናው በጎንደር፣ የእርሻው በዓለማያ ሆነ፤ የዓለማያውን የኦክላሆማ ሰዎች፣ የሕንፃውን ኮሌጅ ስዊድኖች ረዱ።

በ1953 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን ሌሊት፣ ጃንሆይ በብራዚል ሳሉ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ተነሡ። መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን ሰብስበው በገነተ ልዑል አገቷቸው። የኮሌጁ ተማሪዎችም በሰልፍ ወጥተው ከአማፅያኑ ጎን ቆሙ፤ የንጉሡን እንጀራ እየበሉ ማለት ነው፤ ብዙ ሽማግሌዎች ይህን ይቅር አላሏቸውም። ጦሩና ክብር ዘበኛው በከተማው ተዋጉ። ነገሩ እንዳልሆነላቸው ባወቁ ጊዜ አማፅያኑ የታገቱትን በአረንጓዴው ሳሎን ረሸኑ፤ ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ መኰንን ሀብተ ወልድ ከሟቾቹ ነበሩ። ታኅሣሥ 8 ቀን ጃንሆይ ገቡ፤ ተማሪዎቹንም ማሩ።

ዓመት ዞረ። በ1954 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን፣ ጃንሆይ ይህን ደም የፈሰሰበትን ቤተ መንግሥት ከነግቢው ለትምህርት ሰጡ፤ ኮሌጆቹም ተሰብስበው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። ግማሹ ሰው ስለ ልግስናቸው አመሰገነ፤ ግማሹ በዚያ ሳሎን አጠገብ እንዴት ይተኛሉ አለ። ጸሐፊው ሁለቱም እውነት ይመስሉታል። የቀደሙ ነገሥታት እንዲህ ያለ ነገር በደረሰበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ይተክሉ ነበር፤ እኚህ ግን ዩኒቨርሲቲ ተከሉ።

በ1955 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተከፈተ፤ መሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ሆኑ። የብራና መጻሕፍትና የየብሔረሰቡ ዕቃ ተሰበሰበ፤ የንጉሡ መኝታ ቤትም ለጎብኝ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ናቸው።

ጃንሆይ አስቀድመው ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጥተው ነበርና ከጋና፣ ከናይጄሪያ፣ ከኬንያና ከሌላውም ልጆች መጡ። ኢትዮጵያዊው ተማሪ እስከዚያ ድረስ ባልተገዛ አገር ልጅነቱ ይኮራ ነበር፤ ከእነርሱ ጋር በተነጋገረ ጊዜ ግን የተገዙት ከእኛ ቀድመው መንገድና ትምህርት ቤት እንዳገኙ ሰማ፤ አፈረም። ደግሞ ከ1957 ጀምሮ ማንም ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት ያገልግል ተባለ። ታምሩ ፈይሳ በኮሌጅ ቀን «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥም ያነበበበት ዘመን አለፈ፤ አሁን ተማሪው ደሃውን በቀዬው አየው፤ ጭሰኛው ከምርቱ ምን ያህሉን ለባለ መሬት እንደሚገፈግፍ በዓይኑ ቆጠረ። በዚያው ዓመት በየካቲት ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሄዱ።

በ1962 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ማታ፣ የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ ጓደኞቹ አስከሬኑን ወደ ስድስት ኪሎ አመጡ። ክብር ዘበኛ ግቢው ውስጥ ገብቶ ተኮሰ፤ ንጉሡ በሰጡት ቤት ተማሪዎች ሞቱ።

እስካሁን የተጻፈውን የሚያስተውል የታኅሣሥን ነገር ልብ ይላል። ትምህርቱ የተጀመረው፣ ግርግሩ የተነሣው፣ ቤቱ የተሰጠው፣ ጥላሁን የሞተው በታኅሣሥ ነው። ኮከብ ቆጣሪ ቢኖር ብዙ ይናገርበት ነበር። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ ተማሪ በመስከረም ይሰበሰባል፣ እስከ ኅዳር ይተዋወቃል፣ በታኅሣሥ ይነሣል።

በ1967 መስከረም 2 ቀን ደርግ የተባለው የወታደሮች ኮሚቴ ጃንሆይን ከዙፋን አወረደ። የዩኒቨርሲቲው ስም ተለወጠ፤ በሩም ተዘጋ። ታኅሣሥ 12 ቀን (ያው ታኅሣሥ ነው) የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀና ወደ 60,000 ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ወረደ። መሬት ለአራሹ ያሉት በዚያ ዘመቻ መሬት ሲታደል አዩ። ደስታው ግን አልቆየም። ተማሪው በተፎካካሪ ፓርቲዎች ተከፍሎ አንዱ ኢሕአፓ፣ አንዱ መኢሶን ሆነ፤ በአንድ ክፍል የተማሩ ተገዳደሉ፤ ደርግም በቀይ ሽብር የተረፈውን አጨደ። ከዚያው ቤት የወጡ ጥቂቶች ደግሞ በየካቲት 1967 ወደ ደደቢት በረሃ ወርደው ሕወሓትን መሠረቱ።

በ1983 እነዚያ የበረሃ ሰዎች አዲስ አበባ ገቡ፤ የሕክምና ትምህርቱን ትቶ የወጣው መለስ ዜናዊ የአገር መሪ ሆነ። የቤቱ ልጆች ነገሡ ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር። በ1985 ታኅሣሥ 26 ቀን ተማሪዎች በኤርትራ ሪፈረንደም ምክንያት በተሰለፉ ጊዜ ግን ጥይት ተተኮሰባቸው፤ በሚያዝያም ከ40 የሚበልጡ መምህራን ከሥራ ተባረሩ። ከእነርሱ አንዱ የሕክምና ፋኩልቲው ዲን የነበሩት ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ነበሩ። ንጉሡ ተማሪ ማሩ፤ ተማሪዎቹ በነገሡ ጊዜ መምህር አባረሩ።

የጎንደሩና የዓለማያው ኮሌጆች በየጊዜያቸው ተለይተው ራሳቸውን ችለው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በ2015 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ ወጣ፤ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ይህ ቤትም በትምህርት፣ በአስተዳደርና በገንዘብ ራሱን እንዲገዛ ከሁሉ ቀድሞ ተመረጠ። በተመሠረተ ጊዜም ቻርተር ተሰጥቶት በቦርድ የሚመራ ቤት ተብሎ ነበር፤ ቻንስለሩ ግን ጃንሆይ ነበሩ።