መሪ ያጣ ሰው መሪ ሲጨብጥ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በአሜሪካ ኤምባሲ ደጃፍ አልፎ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ዳገቱ ይበረታል። ግራና ቀኙ የሸማ ሱቅ ነው፤ ነጠላው፣ ቀሚሱና ጋቢው ከየበሩ ተንጠልጥሎ በነፋስ ይወዛወዛል። እንግዳ ሰው ወደ ሰፈራችን ሲመጣ የሚያየው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ፊደል በምቆጥርበት ዘመን ከዚህ ዳገት ላይ ዓይኔን ይስበው የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ ድንጋይ ጭኖ የሚያቃስት አሮጌ ፊያት፣ ከኋላውም የእንጨት ታኮ ይዞ የሚከተል ሰው። መኪናው አቅም አጥቶ ሲቆም ያ ሰው ሮጦ ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጣል። ሾፌሩ በዕድሜ ታናሹ የሆነ ጎረምሳ ነበር፤ «ረዳት! ያዝ!» እያለ ይጮህበታል።

ያ ረዳት ጎረቤታችን ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ ሃምሳ አለቃ» ይላቸዋል። ሃምሳ አለቃ የተባለ ሰው የአንድ ጎረምሳ ረዳት የሚሆንበት ምክንያት ያን ጊዜ አልገባኝም። የገባኝ አድጌ ታሪኩን ሳነብብ፣ ደግሞም እሳቸውን ስጠይቅ ነው።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። ግንቦት 16 ቀን አሥመራ ተያዘች፤ ግንቦት 20 ቀን የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባ ገባ። በአፍሪካ ከታላላቆቹ አንዱ ይባል የነበረ ሠራዊት በቀናት ውስጥ ተበተነ። ብዙ ሺህ ወታደሮች ከኤርትራ ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ ሌሎች በእግራቸው ወደ መሀል አገር ተመለሱ። አዲሱ መንግሥት የቀድሞው ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን አቋቁሞ ከ450 ሺህ በላይ የሚሆኑ ወታደሮችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ ተነሣ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ስለ ነበሩ ወደየመንደራቸው ገቡ። የከተማው ልጅ ግን የሚመለስበት መሬት አልነበረውም። የተማረው ሙያም ቢሆን ገዥው ጦሩ ብቻ ነበር። መድፈኛ በሰላም ጊዜ መድፉን ምን ያደርገዋል?

ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሙያ ነበር፣ ለጦርም ለሰላምም እኩል የሚሆን። እሱም ሾፌርነት ነው። ጋሼ በሰሜን ግንባር ዓመታት ያሳለፉት በኡራል መሪ ላይ ነበር። «ተኩሼ የማውቀው ጥቂት ነው፤ የነዳሁት ግን የትየለሌ» ይሉ ነበር። ሆኖም በሱዳን በኩል ዞረው ሽሮ ሜዳ ሲገቡ እጃቸው ላይ ወረቀት አልነበረም። መንጃ ፈቃዳቸው ከክፍላቸው ሰነድ ጋር ቀርቷል። ዕውቀቱ ከእሳቸው ጋር ድንበር ተሻግሮ ሲመለስ ማስረጃው እዚያው በረሃ ቀረ። ስለዚህ በአርባ ዓመታቸው ከታች ጀመሩ፤ ታኮ ያዙ።

ረዳትነት በአገራችን የጭነት መኪና ታሪክ የሾፌርነት ትምህርት ቤት ነው። ይህን ለመረዳት የሙያውን ቃላት ማድመጥ ይበቃል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ባሌስትራ፣ ታኮውም ራሱ የጣሊያን ቃል ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘችን ጊዜ መንገድ ስትቀድድና ጦሯን ስታጓጉዝ የኛ ሰው ጭነት እየጫነና ጎማ እየፈታ ሙያውን ቀሰመ። ወራሪው ተባርሮ ሲወጣ ቃላቱ ከሙያው ጋር ቀሩ። የዳንቴን ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ሾፌር ሞተሩን የሚጠራው በዳንቴ ቋንቋ ነው! መንግሥት ይወድቃል፤ እጅ የያዘው ሙያ ግን ከወደቀው ጋር አይወድቅም። የ1933ቱ ነገር በ1983 ዓ.ም. በሌላ መልክ ተደገመ።

ጊዜውም ረድቷቸዋል። በደርግ ዘመን የጭነት ሥራ በመንግሥት ስምሪት የታሰረ ነበር፤ ባለ መኪናው በማኅበር ተደራጅቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ በተተመነለት ታሪፍ ይጭናል። በ1984 ዓ.ም. ይህ አሠራር ቀርቶ ገበያው ተለቀቀ። ባለ መኪናና ባለ ጭነት በዋጋ መደራደር ጀመሩ፤ ደላላም በመሀል ገባ። በየሰፈሩ የጭነት መኪና ተራ ተስፋፋ፤ ለድንጋዩ፣ ለአሸዋው፣ ለባሕር ዛፉ፣ ከመርካቶ ወደ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ለሚመጣው ክር ሳይቀር ሾፌር ተፈለገ።

ጋሼ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ታኮ ይዘው ከርመው፣ እንደ አዲስ ተፈትነው ሦስተኛ መንጃ ፈቃድ አወጡ። ያን ዕለት ወደ ቤት የገቡት ስኳር ይዘው ነው፤ ለሰፈሩ ልጆች አደሉን። ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው አይሱዙ እየነዱ ከተማ ውስጥ ይሠሩ ጀመር። ወደ አሰብ ወይም ወደ ጅቡቲ የሚወስድ የረጅም መንገድ ሥራ ሲመጣላቸው አይቀበሉም ነበር። «ከቤቴ ርቄ ያደርሁት ይበቃኛል፤ ማታ ማታ የልጆቼን ራት ልይ» ይሉ ነበር። ገንዘቡ ያለው በረጅሙ መንገድ መሆኑን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም።

ሕዝቡ በ1990ዎቹ አይሱዙን ከአደጋው ብዛት የተነሣ «አልቃይዳ» እያለ ሲጠራ ጋሼ ቅር ይላቸው ነበር። «ጥፋቱ የመኪናው አይደለም፤ ሾፌሩ በምልልስ ሲከፈለው ምን ያድርግ? አንድ ምልልስ በጨመረ ቁጥር እንጀራው ይጨምራል» ብለው ያስረዱኛል። እሳቸው ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለውን የሱሉልታ ቁልቁለት ጭነት ይዘው ሲወርዱ በከባድ ማርሽ እንጂ ፍሬን አምነው ወርደው አያውቁም። ዘግይተው ይደርሳሉ፤ ግን ይደርሳሉ።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። የምተዳደረው በባንክ ሥራ ነው። ለብድር መያዣ የሚቀርብ ሊብሬ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። አንድ ጥያቄ ዘወትር ይመላለስብኛል፦ ጋሼ ይህን ሁሉ ዓመት ሲነዱ አንድ መኪና የራሳቸው ያልሆነው ለምንድን ነው?

በሌላ አገር የሆነውን ልጥቀስ። አንደኛው የዓለም ጦርነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1918 ሲያበቃ የእንግሊዝ ጦር የተረፉትን የጭነት መኪኖች ሸጠ። ከጦር የተሰናበቱ ሾፌሮች ብዙዎቹ በመሰናበቻ ገንዘባቸው እነዚያን መኪኖች ገዝተው የራሳቸውን የማጓጓዣ ሥራ ከፈቱ፤ ከምድር ባቡሩ ጋር እስከ መፎካከር ደረሱ። መንጃውን የተማረ ወታደር መኪናውንም አገኘ ማለት ነው።

የኛው ወታደር የያዘው እጁን ብቻ ነበር። በዚያ ላይ በመስከረም 1985 ዓ.ም. 2 ብር ከ7 ሳንቲም የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ቀን 5 ብር ሲገባ፣ ከውጭ የሚመጣ መኪና በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ራቀበት። ይበደር ቢባል ባንክ መያዣ ይጠይቃል። ጋሼ የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ያተረፈልን የኪራይ ቤት። ኪራዩ ርካሽ ስለ ሆነ ድኻን አኑሯል፤ ሆኖም የመንግሥት ንብረት በመሆኑ መያዣ ሊሆን አይችልም። ቤት ያለው መኪና ገዛ፤ ቤት የሌለው የገዛውን ሰው መኪና ነዳ። ወታደሩን መሪው ከረኀብ አውጥቶታል፤ ባለቤት ግን አላደረገውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጡረታ የማያውቀው ሥራ ጉልበታቸውን ጨርሶ ቤት ከዋሉ በኋላ፣ ይህን ሁሉ ቁጥር ደርድሬ ነገርኋቸው። ባንክ ቤት የለመድሁትን ስሌት ጸጥ ብለው አዳመጡኝ። ከዚያም ሣቅ ብለው «አንተ ልጅ፣ አንዱን ረሳህ» አሉኝ። «መሪዬ ጥሎኝ ሄደ። እኔ መሪ ጨብጬ አራት ልጅ አሳደግሁ። የጨበጥሁትን ጥዬ አልሄድሁም። ይኼ በየትኛው መዝገብህ ይጻፋል?»

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁትን ሊብሬ ገልጬ ደግሜ አየሁት። የባለቤቱ ስም አለ፤ የሻንሲው ቁጥር አለ፤ የሞተሩ ቁጥር አለ። ለነጂው ስም የተተወ መስመር የለም። ስለዚህ እኔ እዚህ ጽፌዋለሁ።

መሪው ጥሎት ቢሸሽ፣ ጋሼ መች ወደቀ፤
መሪ ጨበጠና፣ ዳገቱን ዘለቀ።