ከተምር ማድረቂያው እስከ ካርታው፦ ቤት መግዛት በሙስሊሙ ታሪክ



ከዒሻ ሶላት በኋላ ወጣቶች ቀረብ ብለው ከሚጠይቁን ጥያቄዎች አንዱ ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ መጥቷል። «የትልቁ ከተማ ኪራይ አቅሜን በላው። ትንሽ ከተማ ወጥቼ አንድ ቤት ልገዛ አስቤያለሁ፤ ገንዘቤ ግን አይሞላም። በወለድ ልበደር ወይስ ዕድሜዬን ሁሉ ተከራይቼ ልኑር?» ይሉናል። ጠያቂው ብቻውን የተቸገረ ይመስለዋል። ሙስሊሙ ግን ይህን ጭንቀት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ዛሬ ታሪኩን አብረን እንይ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲወጡ የተወለዱበትን ቀዬ ትተው ነው። ከዓመታት በኋላ መካ ሲመለሱ የት እንደሚያርፉ ተጠይቀው፣ የአጎታቸው ልጅ ዐቂል ያስተረፈላቸው ቤት እንደሌለ መናገራቸው በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ሙሃጂሮችም እንደዚሁ ቤትና ንብረታቸውን ትተው የወጡ ሰዎች ነበሩ።

መዲና ሲደርሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) ቤት በእንግድነት አረፉ። ለመስጂዱ የተመረጠው ቦታ ተምር የሚደርቅበት ሜዳ ሲሆን ባለቤቶቹ ሰህልና ሱሀይል የሚባሉ ሁለት የቲሞች ነበሩ። ልጆቹ በነፃ ሊሰጧቸው ፈለጉ። እሳቸው ግን እምቢ ብለው በዋጋ ገዙት። ከመስጂዱ ጎን የተሠሩት የቤተሰባቸው ክፍሎችም ከጭቃ ጡብና ከተምር ዛፍ የተሠሩ ጠባብ ክፍሎች ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከተማው በደስታ የተቀበላቸው መሪ፣ ስጦታው በፈቃድ የቀረበላቸው ነቢይ፣ የየቲም መሬት ያለ ዋጋ አልወሰዱም። የመዲና ሕይወት ሲጀመር መሬት በንጹሕ ግዢ ተገኘ፤ ቤቱም በአቅም ተሠራ።

ሁለተኛው ታሪክ ስለ ክፍያ ነው። ቡኻሪ እንደዘገቡት አቡ ራፊዕ (ረ.ዐ) በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ግቢ ውስጥ የነበሯቸውን ሁለት ክፍሎች እንዲገዟቸው ሰዕድን ጠየቁ። ሰዕድ ከአራት ሺህ በላይ እንደማይሰጡ፣ እሱንም ከፋፍለው እንደሚከፍሉ ተናገሩ። አቡ ራፊዕ ከሌላ ሰው አምስት መቶ ዲናር ቀርቦላቸው ነበር። ሆኖም ጎረቤት በቅርበቱ የበለጠ መብት እንዳለው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተው ስለነበር ለሰዕድ ሸጡላቸው። ስለዚህ ቤትን ከፋፍሎ በመክፈል መግዛት ባንክ ያመጣው ነገር አይደለም። በሶሓቦች ዘመን ነበረ፤ ዋጋው ተቆርጦ የታወቀ፣ ወለድ የሌለበት፣ የጎረቤት ሐቅ የተጠበቀበት ሽያጭ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። አባቶቻችን «ሰማይ ዐምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» የሚል አባባል እየሰሙ አድገዋል። አባባሉ ከባዶ የመጣ አልነበረም። በጎንደር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። እነሱም ከከተማው በታች በቀሃ ወንዝ አካባቢ ሰፈሩ። ሰፈሩ እስላም ቤት ይባል ነበር፤ በኋላም አዲስ ዓለም ተባለ። በብዙው የሰሜን ደጋ ሙስሊሙ ርስት ስለተከለከለ በንግድና በሽመና ኖረ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ደግሞ ሃይማኖታችንን አንለቅም ያሉ ብዙ የወሎ ሙስሊሞች ቀዬአቸውን ጥለው ተሰደዱ።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን ሁሉም ቦታ አንድ አልነበረም። በሐረር ጀጎል ውስጥ ቤተሰቦች ጌ ጋር የሚባለውን ቤታቸውን ለልጅ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች መሬት የነበራቸው ሙስሊሞች ነበሩ።

ለውጡ የመጣው በአብዮቱ ዋዜማ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ ወጡ። ከጥያቄዎቻቸው መካከል በዓሎቻችን ይከበሩ፣ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ሳይሆን «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል፣ የመሬት ባለቤትነት መብት ይኑረን የሚሉ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። በሁለተኛው አዋጅ አንድ ሰው ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፤ የመኖሪያ ቦታውም እስከ 500 ካሬ ሜትር ተወሰነ። ከሱቁ ትርፍ ቤት የሠራው ነጋዴ ንብረቱን አጣ። ቦታ ያልነበረው ደግሞ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ ቦታ የሚያገኝበት በር ተከፈተለት። እናንተ ዛሬ ወደ ማዘጋጃ ቤት ገብታችሁ በስማችሁ ካርታ ስትጠይቁ፣ ያ መብት ሰው አደባባይ ወጥቶ የጠየቀው መሆኑን አትርሱ።

የዛሬውስ? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ የምንገዛው ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ የመኖሪያ ቦታን የሊዝ ዘመን 99 ዓመት አድርጎታል። በዚያው ዓመት ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ መመሪያ አወጣ። በሰኔ 2013 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ።

ሙራበሓ የሚባለው አሠራር እንዲህ ነው። ባንኩ ቤቱን መጀመሪያ ለራሱ ይገዛል። ከዚያ የገዛበትንና ትርፉን ነግሮ፣ በተቆረጠ ዋጋ ለእናንተ ይሸጣል፤ እናንተም ከፋፍላችሁ ትከፍላላችሁ። ስታዘገዩ ዋጋው አይጨምርም። ቁም ነገሩ ባንኩ መጀመሪያ ባለቤት መሆኑ ነው። ሳይገዛ የሚሸጥ ከሆነ ስሙ ዐረብኛ ስለሆነ ብቻ ሐላል አይሆንም። ስለዚህ ውሉን ሳትፈርሙ አንብቡ፤ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ወለድ የሌለበት ዕቁብም አለ፤ ብዙ ሰው ቅድሚያ ክፍያውን የሞላው በሱ ነው።

ወደ ትንሽ ከተማ ለምትሄዱ አንድ ልዩ አደራ አለን። እዚያ ረከስ ብሎ የሚገኘው ቤት ብዙ ጊዜ ከሟች አባት የቀረ፣ ሚራሱ ያልተከፋፈለ ቤት ነው። ወንድሞች ተስማምተው ይሸጣሉ፤ ዐረብ አገር ያለችው እህት ግን አልፈረመችም። ምናልባትም ጣሪያውን ያስቀየረው እሷ የላከችው ገንዘብ ነው። ትንሹ የቲም ወንድማቸውም አልተጠየቀም። ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ዝም ብለን ከገዛን፣ የምንሰግድበት ክፍል የሰው ሐቅ ያለበት ይሆናል። ሰህልና ሱሀይል ፈቅደው እንኳ ንብረታቸው ያለ ዋጋ አልተወሰደም፤ ያልፈቀደ ወራሽማ እንዴት ይታለፋል?

ስለዚህ ካርታውን ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ። ዕዳና እገዳ መኖሩን ጠይቁ። ወራሾችን በሙሉ በስም ቁጠሩ፤ ውክልናቸውን እዩ፤ ውሉን በውልና ማስረጃ ፊት ፈርሙ። ከገበሬ በወረቀት ብቻ የሚሸጥ ማሳ ላይ ገንዘባችሁን አትበትኑ። ከመግዛታችሁ በፊትም ሰፈሩ መስጂድ ሄዳችሁ አንድ ሶላት ስገዱና ስለ ጎረቤቱ ጠይቁ።

ገና ያልሞላላችሁ ደግሞ አትፈሩ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሰው ቤት እንግዳ ሆነው ወራት ቆይተዋል። ሐላል ኪራይ ከሐራም ቤት ይሻላል።

አላህ (ሱ.ወ) ሰፊ ቤት፣ መልካም ጎረቤትና ንጹሕ ሲሳይ ይወፍቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።