አራት ሴቶች፣ አርባ አራት ዓመታት

መከራ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይባላል። ይህን ተረት ስንሰማ ያደግን ሁሉ እንቅርትን የምናውቀው የገጠር በሽታ አድርገን ነው። ምክንያቱ የአዮዲን እጥረት፣ መፍትሔው አዮዲን ያለው ጨው፤ አለቀ! ሐሰት አይደለም። በ2011 የኢትዮጵያ መንግሥት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። (ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ነገር ግን ጨው የማይመልሰው እንቅርትም አለ። አዮዲን ያለው ጨው እየበላች አንገቷ የሚያብጥ፣ ወይም አንገቷ ደህና ሆኖ ጠዋት ከአልጋ መነሣት የሚያቅታት፣ በፀሐይ የሚበርዳት ወጣት አለች። ከእኛም መካከል አለች። የሚሰጣት መልስ ብዙ ጊዜ «ጭንቀት ነው» ነው፤ ሲብስም «ስንፍና ነው»። እኛ ግን ታሪኩን ስናገላብጥ ያገኘነው ሌላ ነው፤ ሕክምናው ራሱ መልሱን ለማግኘት 44 ዓመት ፈጅቶበታል።

ነገሩ የሚጀምረው ጃፓን ውስጥ ነው። ሐካሩ ሐሺሞቶ ፉኩኦካ ከተማ የሚሠራ ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። አንገታቸው አብጦ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የአራት ሴቶች የታይሮይድ ዕጢ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ ዕጢው በነጭ የደም ሕዋሳት ተወርሮ አገኘው። ከሚያውቃቸው በሽታዎች ጋር አልገጥም አለው። በ1912 ግኝቱን በጀርመንኛ አሳተመ። ብዙዎቹ የምዕራብ ሐኪሞች ግን «የሌላ የታወቀ በሽታ መጀመሪያ ደረጃ ነው» ብለው አለፉት። ሐሺሞቶም ለትምህርት ጀርመን ቢሄድም፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ አገሩ ተመልሶ በትውልድ ቀዬው ተራ ሐኪም ሆነ። በ1934 በታይፎይድ ሞተ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚጠራውን «የሐሺሞቶ በሽታ» የሚለውን ስም ዝና ሳያይ ማለት ነው።

ለምን ይህን ያህል ዘገየ? አንዱ ምክንያት የትልቅ ሰው ቃል ነው። የኖቤል ተሸላሚው ጀርመናዊ ሳይንቲስት ፖል ኤርሊክ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ፣ ሰውነት የራሱን አካል እንዳያጠቃ የሚከለክለው ነገር አለ ብሎ አስተምሮ ነበር። ተከታዮቹም ይህን «ፈጽሞ አይሆንም» ብለው ተረጐሙት። የገዛ ዘበኛህ ቤትህን አይዘርፍም እንደማለት።

ዘበኛው ግን እየዘረፈ ነበር። በ1956 አሜሪካ፣ ቡፋሎ ውስጥ ኖኤል ሮዝና ኧርነስት ዊቴብስኪ ጥንቸሎችን ከጥንቸል ታይሮይድ በተዘጋጀ መርፌ ወጓቸው። ጥንቸሎቹ የገዛ ዕጢያቸውን የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል አመረቱ፤ ዕጢያቸውም ተቆጣ። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ዲቦራ ዶኒያክ፣ አይቫን ሮይትና ባልደረቦቻቸው ተመሳሳዩን ፀረ እንግዳ አካል በሐሺሞቶ ሕሙማን ደም ውስጥ አገኙት። አራቱ ሴቶች መልስ አገኙ፤ በ44 ዓመቱ።

አሁን ወደ ተረታችን እንመለስ። እንቅርትና ጆሮ ደግፍ በአንድ ሰው ላይ ቢገናኙ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። እዚህ ግን መደራረቡ አጋጣሚ አይደለም። ገና በ1926 ማርቲን ሽሚት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም፣ ታይሮይዳቸውም ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎቻቸውም አብረው የተጎዱ ሁለት ሕሙማንን መዝግቦ ነበር። በኋላም ዓይነት 1 የስኳር በሽታ፣ ለምጽ፣ በቫይታሚን ቢ12 እጥረት የሚመጣ የደም ማነስና የስንዴ ምግብ የሚያስነሣው የአንጀት ሕመም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ሆነው ተገኙ። ሁሉም የተሳሳተው ዘበኛ ሥራ ናቸው።

ይህ የቤተ መጻሕፍት ወሬ ብቻ አይደለም። የኩላሊት ላይ ዕጢዋ የተጎዳባት ሴት ይህ ሳይታወቅ የታይሮይድ ሆርሞን ብቻ ቢጀመርላት ሕይወቷ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሐሺሞቶ ያለበት ሰው «እንቅርት ነው» ተብሎ አዮዲን ቢያበዛም ሊብስበት ይችላል። ክኒኑን በባዶ ሆድ ካልወሰዱት፣ ወይም ከአይረንና ከካልሲየም እንክብል ጋር ካደባለቁት በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ ያኔ ደግሞ «መድኃኒቱም አልሠራልኝም» ይመጣል።

ስለዚህ ድካማችሁ አልለቅ ካላችሁ፣ ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ቲኤስኤች የሚባለው የሆርሞን ምርመራ ተሠርቷል ወይ? የታይሮይድ ፀረ እንግዳ አካልስ? ከቤተሰቡ ሌላ በሽታ አለመኖሩስ ታይቷል ወይ? አክስታችሁ ለምጽ፣ ወንድማችሁ ዓይነት 1 ስኳር ካለበትም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሁለተኛ ሕመም ስትናገሩ «አሁን ደግሞ ይሄ መጣ?» የሚላችሁ ቢኖር፣ አዎ በሉት፤ ዘመዳሞች ናቸው።