ውሃ ለሁለት የተከፈለባት ናንዋንግ

ከሃንግጆው እስከ ቤጂንግ የሚዘልቀው የቻይና ታላቁ ቦይ 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የመጀመሪያውን ክፍል የዉ ንጉሥ ፉቻይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ486 ሠራዊቱንና ስንቁን ለማጓጓዝ አስቆፈረው። ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ605 ጀምሮ፣ የሲዊ ንጉሠ ነገሥት ያንግዲ እጅግ ብዙ ሕዝብ በግዳጅ አሰማርቶ ቆላማውን የደቡብ ሩዝ አምራች ምድር ከሰሜን ጋር አገናኘው። የቦዩ ታሪክ ሲወሳ ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው እነዚህ ነገሥታት ናቸው። የቦዩ ከባድ ፈተና የተፈታው ግን ከነሱ ብዙ ዘመን በኋላ፣ በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ናንዋንግ በምትባል ቦታ ነው።

ናንዋንግ የቦዩ ከፍተኛ ቦታ ናት። ከዚያ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ቁልቁለት ነው።

የዩዋን ነገሥታት መናገሻቸውን ዛሬ ቤጂንግ በምትባለው ከተማ ሲያደርጉ ቦዩ በሻንዶንግ በኩል ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ ፈለጉ፤ የሁይቶንግ ቦይም በ1289 ተከፈተ። መሐንዲሶቹ ውሃውን ያመጡት ግን ወደ ጂኒንግ ነበር። ጂኒንግ ከናንዋንግ ዝቅ ትላለች፤ ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይወጣም። ከፍተኛው ቦታ ውሃ እያጠረው ትላልቅ ጀልባዎች ማለፍ ተሳናቸው፤ አብዛኛው የግብር እህልም ማዕበል በሚያሰጋው የባሕር መንገድ ይጓዝ ነበር። በ1391 ቢጫው ወንዝ ሞልቶ ሲፈስ ደግሞ ቦዩን ደለል ደፈነው።

የሚንግ ንጉሠ ነገሥት ዮንግሌ መናገሻውን ወደ ቤጂንግ ለማዛወር ሲነሣ የእህል ጉዳይ አሳሳቢ ሆነ። ቤተ መንግሥቱንና የጦር ሠራዊቱን የሚመግበው እህል ከደቡብ መምጣት ነበረበት። በ1411 የሥራዎች ሚኒስትሩ ሶንግ ሊ ቦዩን እንዲከፍት ታዘዘ። የሰው ኃይል አላነሰውም፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተሰጥቶታል። የቸገረው ውሃው ከየት ይምጣ የሚለው ነበር።

መልሱን የሰጠው ባይ ዪንግ የተባለ የዌንሻንግ አገር ሽማግሌ ነው። ባይ ዪንግ የአካባቢውን ወንዞችና ምንጮች አቀማመጥ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ምክሩም ግልጽ ነበር፦ የዌን ወንዝ ከናንዋንግ ከፍ ባለው በዳይሱን ይገደብ፤ ውሃው ከዚያ ቁልቁል ናንዋንግ ይድረስ፤ እዚያም ለሁለት ይከፈል።

ሶንግ ሊ ምክሩን ተቀበለ። በዳይሱን አምስት ሊ፣ ማለትም ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ግድብ ተሠራ፤ የአካባቢው ምንጮችም ወደ ቦዩ እንዲገቡ ተደረገ። የሚንግ ዘመን ታሪክ እንደሚለው ናንዋንግ ከደረሰው ውሃ ከአሥር እጅ ስድስቱ ወደ ሰሜን፣ አራቱ ወደ ደቡብ ይሄድ ነበር። መሬቱ በቻይና ጫማ በሰሜን 90፣ በደቡብ 116 ስለሚወርድ ውሃው በከንቱ እንዳይፈስ በሰሜን 17፣ በደቡብ 21 የውሃ በሮች ተተከሉ። በሮቹ እየተዘጉ ውሃ ያቁሩ ነበር፤ በየተራ ሲከፈቱም ጀልባዎች ከደረጃ ደረጃ ያልፉ ነበር።

በ1415 እህልን በባሕር ማጓጓዝ ቀረ። በ1421 ቤጂንግ መናገሻ ሆነች። ከጊዜ በኋላ በየዓመቱ ወደ ሰሜን የሚላከው የግብር እህል፣ ሺ በተባለው መስፈሪያ፣ 4 ሚሊዮን እንዲሆን ተወሰነ።

ሶንግ ሊ በቁጡነቱና በጥብቅነቱ የተነሳ ሰው የሚቀርበው አልነበረም። ይህን ሁሉ ሥራ የመራው ሹም በ1422 ሲሞት ግን ቤቱ ውስጥ የተረፈ ንብረት አልተገኘም። በናንዋንግ መታሰቢያ ቤተ መቅደስ የቆመለትም ብዙ አሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ባይ ዪንግም በኋላ ዘመን እንደ ውሃ ጠባቂ አምላክ ይመለክ ጀመር።

ሥራቸው ከ400 ዓመት በላይ አገልግሏል። በ1855 ቢጫው ወንዝ አቅጣጫውን ቀይሮ በሻንዶንግ ቦዩን ቆረጠው፤ በ1901 የእህል ግብሩ ቀረ። ዛሬ ከጂኒንግ በስተደቡብ ያለው ክፍል የጭነት ጀልባዎችን ያስተናግዳል፤ ዩኔስኮም ታላቁን ቦይ ከነናንዋንግ በ2014 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የዚህን ቦይ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ካስቆፈሩት ነገሥታት ጎን ባይ ዪንግን ሊያስቀምጠው ይገባል፤ የሻንዶንግን ከፍታ ለጀልባ የከፈተው የእሱ ምክር ነውና።