በሶፍትዌር ውስጥ በአንድ ቀን የሚዛነፍ የቀን ስሌት፦ መንስኤውና የማጣሪያ መንገዱ

ይህ ማብራሪያ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ለሚጠቀሙ የኤሌክትሮኒክ አገልግሎቶች ሶፍትዌር ለሚያበለጽጉና ለሚፈትሹ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው።

መስከረም 1 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው መረጃው በትክክል ተመዝግቦ ሳለ፣ ዋሽንግተን ውስጥ በተከፈተ ገጽ ላይ የልደት ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1984 ዓ.ም. ሆኖ ሊታይ ይችላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልዩነቱ ከሴፕቴምበር 11 ወደ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1992 መንሸራተት ብቻ በመሆኑ በቀላሉ አይስተዋልም። በእኛ አቆጣጠር ግን ቀኑም፣ ወሩም፣ ዓመተ ምሕረቱም ይለወጣሉ፤ ባለጉዳዩም እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ሰነዶችን ይዞ ይቀራል።

መነሻው በአብዛኛው አንድ ነው፦ ሰዓት የሌለውን ቀን ሰዓት እንዳለው አድርጎ ማስቀመጥ። ሥርዓቱ የልደት ቀኑን እንደ አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ወስዶ ወደ ዓለም አቀፉ የተቀናጀ ሰዓት (ዩቲሲ) ሲለውጠው፣ ኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም ውጤቱ ያለፈው ቀን 21፡00 ይሆናል። ከዚያ ላይ ቀኑን ብቻ ቆርጦ የወሰደ ፕሮግራም አንድ ቀን ያጎድላል። ጃቫስክሪፕትም ቀን ብቻ የያዘን ጽሑፍ (ለምሳሌ 1992-09-11) በዩቲሲ፣ ሰዓት የተጨመረበትንና የሰዓት ሰቅ ያልተገለጸበትን ግን በተጠቃሚው መሣሪያ ሰዓት ያነባል። በአዲስ አበባ የተፈተነ ገጽ ስህተቱን ሳያሳይ ማለፉ ለዚህ ነው። ስለሆነም ልደት፣ የውል ቀንና የመሳሰሉት ያለ ሰዓትና ያለ ሰዓት ሰቅ፣ በቀንነታቸው ብቻ መቀመጥ አለባቸው። ክፍያ የተፈጸመበት ቅጽበት ግን በዩቲሲ ይመዘገባል።

የሰዓት ሰቅ ስህተትን ከዘመን ቀመር ስህተት መለየት አስቸጋሪ አይደለም። መዛነፉ የተጠቃሚው መሣሪያ የሰዓት ሰቅ ሲቀየር የሚመጣና የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ የሰዓት ሰቅ ነው። መሣሪያው የትም ቢሆን በተወሰኑ ዓመታት ብቻ፣ ከመስከረም መባቻ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ የሚታይ ከሆነ ግን ጳጉሜን 6 ተዘንግታለች ማለት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜንም 6 ቀን ትሆናለች። ለሙከራ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ጋር መግጠማቸውን ማረጋገጥ ይበቃል። ተከታታይ የዩልዮስ ቀን ቁጥርን ለሚጠቀሙ፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ቁጥሩ 2460200 ነው። «አዲስ ዓመት ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ በኮድ ውስጥ መጻፍ ፈጽሞ አይገባም።

ሌላው ወጥመድ የአገራችን የሰዓት አቆጠራ ነው። በልማድ ከቀኑ 6 ሰዓት የምንለው በዓለም አቀፉ አጻጻፍ 12፡00 ነው። ይህን የ6 ሰዓት ልዩነት ለማሳየት ሰርቨሩን ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚዘገይ ሰቅ ማስተካከል ሰዓቱን ትክክል ያስመስለዋል። ይሁንና ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት የተፈጸመው ሁሉ በቀደመው ቀን ይመዘገባል። ልዩነቱ በገጽታ ላይ ብቻ ሊስተናገድ ይገባል።

የአረጋውያንን መዝገብ ለሚያስተናግዱ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ኮምፒውተሮች በሚጠቀሙበት የሰዓት ሰቅ መረጃ አዲስ አበባ የናይሮቢን ታሪክ እንድትከተል ተደርጋለች፤ በዚያም ከ1942 እ.ኤ.አ. አጋማሽ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት ልዩነቱ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። በቋሚ 3 ሰዓት ተሰልቶ የተቀመጠ እኩለ ሌሊት በዚህ መረጃ ሲነበብ 23፡45 ይሆናል፤ ቀኑም ወደ ኋላ ይመለሳል።