የደጋ አዕዋፍና ሥዕላቸው

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ፈልቀው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የማይገኘው ክንፉ ሰማያዊ ዝይ እንደነዚህ ባሉ ወንዞች ዳር፥ በሣር ውስጥ ዕንቁላሉን ይታቀፋል። ይህን ዝይ ለሊቃውንት ያስታወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1845 ነበር። በዚያን ጊዜ ወፍን ማጥናት ማለት አስቀድሞ መግደል ነበረ።

በ1919 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉርቴስ ከሺካጎው ቤተ መዘክር ጓድ ጋር ወደ ጣናና ወደ ጎንደር መጣ፤ የተገደለውንም ወፍ ቀለሙ ሳይለወጥ ፈጥኖ ይሥል ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ በአገሩ ባቡር ገጭቶት ሞተ፤ ሥዕሎቹ ግን ሳይበላሹ ተረፉ።

ዛሬ ፎቶግራፍ ይህን ግድያ ቀንሶአል። ነገር ግን ፎቶግራፍ አንሺው ወደ ጎጆው እጅግ ቀርቦ እናቲቱን ቢያባርር ዕንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ እንግዲህ ከተኳሹ የሚለየው መሣሪያው ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው።