የደቡብ–ደቡብ ንግድ በሆሳዕና አካባቢ

የደቡብ–ደቡብ ንግድ ታዳጊ አገሮች እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት የሸቀጥ፣ የአገልግሎትና የመዋዕለ ንዋይ ልውውጥ ነው። በኢትዮጵያ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቀጥሎ ይህን ልውውጥ የማስፋፋት ኃላፊነት ይዘው የቆዩት የንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች ናቸው። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ግን፣ ማለትም በሆሳዕና፣ በቦኖሻ፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በሺንሺቾ፣ ከሩቅ ታዳጊ አገር ጋር ትልቁን የንግድ ትስስር የፈጠሩት በዘመድ፣ በእቁብና በዱቤ የተያያዙ ወጣቶች ናቸው። መዳረሻቸውም ደቡብ አፍሪካ ነው። በዚህ መጣጥፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለባቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አካባቢው

ሆሳዕና የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ ነች። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ ርእሰ መስተዳድር መቀመጫ ሆናለች፤ ሌሎቹ የክልሉ ቢሮዎች ዱራሜን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ተደልድለዋል። ከሆሳዕና በስተምሥራቅ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወረድ የምትገኘው ቦኖሻ የሻሾጎ ወረዳ መቀመጫ ነች። ወረዳው ቆላማ፣ የቦዮ ሐይቅና ረግረጉ ያለበት፣ በቆሎና በርበሬ የሚበቅልበት ነው። ደጋው ደግሞ የእንሰት፣ የስንዴና የድንች አገር ነው። የሕዝቡ ብዛትና የእርሻ መሬቱ ጥበት በከምባታም በሀዲያም የቆየ ችግር ነው። ወጣቱ መሬት ሳይወርስ የሚያድግበት አካባቢ በመሆኑ ሥራ ፍለጋ ከቀዬ መውጣት እዚህ አዲስ ነገር አይደለም። ቀደም ባለው ዘመን ሰዉ ወደ ወንጂና መተሐራ የሸንኮራ እርሻዎች ይሄድ ነበር።

ከአካባቢው ምርቶች ውስጥ በእርግጥም ወደ ታዳጊ አገሮች ገበያ ይወጣ የነበረው ዝንጅብል ነው። በሀደሮና ጡንጦ፣ በጠምባሮና በአጎራባቹ ወላይታ ገበሬው ዝንጅብሉን አድርቆ ለነጋዴ ያስረክባል፤ ምርቱ በአዲስ አበባ ላኪዎች በኩል ወደ ሱዳን፣ ወደ የመንና ወደ ሌሎች የቀይ ባሕር አካባቢ አገሮች ይጓዝ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ማሳዎቹን መታቸው። በጥቂት የምርት ዘመናት ውስጥ ብዙ ገበሬ ዝንጅብሉን ትቶ ወደ ሌላ ሰብል ዞረ። በአውሮፓ የቡና ገበያ ላይ ዋጋ ሲወርድ የሚጮኸውን ያህል ለዚህ የጮኸ አልነበረም፤ የታዳጊ አገሮች ንግድ ሲሰበርም የሚሰማው ጥቂት ነው።

ምክር ቤቶቹ

የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት የተቋቋመው በ1939 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቻርተር ነው። በዚያ ዘመን የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ በብዛት በአርመኖች፣ በግሪኮች፣ በሕንዶችና በየመናውያን እጅ ነበር። ከመርካቶ አልፎ በየአውራጃው ከተማ የነበረው «የዓረብ ሱቅ» የዚያ ምልክት ነው። ከየመን ባዶ እጁን የመጣው ባለሱቅ ከዘመዱ ዱቤ ይወስዳል፣ ከሱቁ ጓዳ ያድራል፣ ስኳርና ጨው በትንሽ በትንሹ ይቸረችራል፣ ኋላ ሌላ ዘመዱን ያስመጣል። ይህን አሠራር ልብ ይሏል፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የሻሾጎና የሺንሺቾ ልጆች በሌላ አገር ሊደግሙት ነውና።

ደርግ በ1970 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ምክር ቤቶቹን ከዕዝ ኢኮኖሚው ጋር በሚስማማ መንገድ አደራጃቸው። አሁን የሚመሩበት ሕግ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 341 ነው። በዚህ አዋጅ ነጋዴዎች በወረዳ፣ በከተማና በክልል ደረጃ ሲደራጁ፣ አምራቾች ደግሞ በዘርፍ ማኅበራት ይሰባሰባሉ፤ ሁለቱ በአናት ላይ የሚገናኙበት አካል የኢትዮጵያ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ይባላል። መቀመጫው አዲስ አበባ ነው።

ምክር ቤት ለነጋዴ የሚሰጠው ጥቅም ሲዘረዘር ደረቅ ይመስላል፤ በተግባር ግን ያለ እርሱ ዕቃ ወደብ ላይ ይቀራል። ላኪው ምርቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የተመረተ መሆኑን የሚያሳይ የስሪት አገር የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ምክር ቤት ያረጋግጥለታል። ከውጭ የመጡ የንግድ ልዑካንን ከአገር ውስጥ ነጋዴ ጋር ያገናኛል፣ ዓለም አቀፍ የንግድ ትርኢት ያዘጋጃል፤ የአዲስ አበባው ምክር ቤት የንግድ ክርክሮችን የሚዳኝ የግልግል ተቋምም አለው። በአህጉር ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተው የመላው አፍሪካ ንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት ዋና ጽሕፈት ቤቱን አዲስ አበባ አድርጓል። ከአህጉሩ ባሻገር ደግሞ የታዳጊ ኢኮኖሚዎች ስብስብ የሆነው ብሪክስ የቢዝነስ ካውንስል አለው፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2013 በደርባን በተካሄደው ጉባኤ ነው። ኢትዮጵያ ብሪክስን እንድትቀላቀል የተጋበዘችው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ ሲሆን፣ አባልነቷ የጀመረው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ነው። የሆሳዕና ልጆች በዚያው ከተማ ዕቃ ሲያከፋፍሉ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

እነዚህ ሁሉ አካላት አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። የሚያውቁት የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለውን፣ ባንክ ገብቶ የመተማመኛ ሰነድ የሚያስከፍተውን ነጋዴ ነው። ከቦኖሻ ወይም ከሾኔ ተነስቶ ሞያሌን የሚሻገር ወጣት በዚህ መዝገብ ውስጥ የለም።

መስመሩ

ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ጉዞ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ነው። አፓርታይድ ካበቃ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ጥገኝነት ጠያቂን በካምፕ አይዘጋም፤ በዚህም ምክንያት ማመልከቻው እስኪወሰን ሠርቶ መብላት ይቻላል። መጀመሪያ የሄዱት ጥቂቶች ተደላድለው ወንድሞቻቸውን ወሰዱ፤ ወንድሞቻቸው የአጎት ልጆችን፣ የአጎት ልጆች ጎረቤትን አስከተሉ። ዛሬ በሆሳዕና ዙሪያ ባሉ ብዙ ቀበሌዎች እዚያ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

መንገዱ የየብስ ነው። ከሻሸመኔ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የታቀደው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አካል ነው፤ በወረቀት ላይ ለአህጉራዊ ንግድ የተሠራ መንገድ ማለት ነው። ወጣቶቹ በእርሱ ወርደው በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ ከዚያም በሞዛምቢክ ወይም በዚምባብዌ በኩል ያልፋሉ። ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ የሚገኘው በሬ ተሸጦ፣ መሬት ተይዞ ወይም እዚያ ያለ ዘመድ ሸፍኖ ነው። መንገዱ ብዙዎችን በልቷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ 64 ኢትዮጵያውያን በኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ማላዊ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዛምቢያ ውስጥ ሉሳካ አጠገብ መንገድ ዳር የተጣሉ 27 አስከሬኖች ተነሱ። ከእነዚህ አደጋዎች በኋላ ለቅሶ የሚቀመጥባቸው ቤቶች በአብዛኛው በእነዚሁ ዞኖች ናቸው።

የደረሰው ሰው የሚገባው ወደ ንግድ ነው። ሥራው የሚጀመረው ስደተኞቹ «ሎኬሽን» በሚሉት የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈር ነው። አዲሱ ሰው ብርድ ልብስ፣ አልጋ ልብስ፣ ልብስና ጫማ በትከሻው ተሸክሞ ቤት ለቤት ይዞራል። ደንበኛው ዕቃውን ዛሬ ይወስዳል፤ ገንዘቡን ደመወዝ ወይም የመንግሥት ድጎማ ሲቀበል በየወሩ ይከፍላል። ባንክ የማያበድረውን፣ ትልልቅ መደብሮችም የማይታገሡትን ሰው ማበደር ነው የንግዱ ምሥጢር። እርግጥ አበዳሪው ዕዳውን ለመሰብሰብ በሄደበት ይዘረፋል፣ አንዳንዴም ይገደላል። ገንዘብ የቋጠረ ሰው ከዚያ «ስፓዛ» የሚባለውን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ይከፍታል፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ዳቦና የስልክ ካርድ በየግማሹ ይሸጥበታል።

የዕቃው ምንጭ የጆሃንስበርጉ ጄፒ ጎዳና ነው። ባለቤቶቻቸው ለቢሮና ለሕክምና የሠሯቸውና ነጮቹ ወደ ሰሜን ሰፈሮች ሲሸሹ ጥለዋቸው የሄዱ ፎቆች በኢትዮጵያውያን ተከራይተው ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ በትንንሽ ሱቆች ተከፋፍለዋል። ከቻይና የመጣ ሸቀጥ በጅምላ ይራገፍባቸዋል። ከሌሎቹ ግዛቶችና ከጎረቤት አገሮች የሚመጡ ቸርቻሪዎችም ከዚያ ይገዛሉ። ቀደም ብሎ የመጣው ጅምላ አከፋፋይ ለአዲሱ የአገሩ ልጅ ዕቃ በዱቤ ይሰጣል፤ ዋስትናው የቤተሰብ ስም ነው። ከሆሳዕና የሚመጣው ደግሞ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡናና የባህል ልብስ ነው፤ ብዙው በመንገደኛ ሻንጣ ስለሚገባ በማንኛውም የጉምሩክ ስታቲስቲክስ ላይ በሚገባ አይታይም።

ገንዘቡም እንዲሁ። ወደ አገር ቤት የሚላከው በአብዛኛው በሐዋላ ነጋዴ በኩል ነው፤ ራንዱ እዚያ ይቀራል፣ ብሩ እዚህ ይከፈላል። መንግሥት የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ያደረገበት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. እስኪደርስ በባንክና በትይዩ ገበያ መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ይህን መንገድ አትራፊ አድርጎት ነበር። ያ ገንዘብ በሆሳዕና ሆቴል፣ የሚከራይ ፎቅ፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙና ወፍጮ ሆኗል። ፋብሪካ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱን ከባለሀብቱ ስንፍና መፈለግ ስሕተት ይመስለኛል። ሆቴል ባለቤቱ ጆሃንስበርግ ሆኖ ወንድሙ ሊያስተዳድረው ይችላል፤ ፋብሪካ ግን መብራት፣ የውጭ ምንዛሪና በየቀኑ አጠገቡ የሚቆም ባለቤት ይፈልጋል።

ማኅበር ሥራውን የሠራበት ቦታ

በደቡብ አፍሪካ በውጭ ዜጎች ላይ የተነሣው ጥቃት በግንቦት 2000 ዓ.ም. ከ60 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በ2007 እና በ2011 ዓ.ም. መጨረሻም ተደግሟል። ሱቆች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል። ከሕዝቡ ቁጣ ባልተናነሰ ነጋዴውን የጎዳው የአስተዳደሩ እርምጃ ነበር። በ2004 ዓ.ም. በሊምፖፖ ግዛት ፖሊስ በዘመቻ የስደተኞችንና የጥገኝነት ጠያቂዎችን ሱቆች ዘጋ፣ ዕቃቸውንም ወሰደ። የተሰጠው ምክንያት የንግድ ፈቃድ የላቸውም የሚል ነበር፤ ፈቃድ ሲጠይቁ ደግሞ ስደተኛ ፈቃድ አያገኝም ይባሉ ነበር።

የደቡብ አፍሪካ የሶማሊያ ማኅበርና በዚያ የሚገኘው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ተባብረው ክስ መሠረቱ። በመጀመሪያ ደረጃ ተሸነፉ። የአገሪቱ ጠቅላይ ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ውሳኔውን ሽሮ ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች ለንግድ ፈቃድ ማመልከት እንደሚችሉ፣ ሌላ መተዳደሪያ የሌለውን ሰው ከንግድ መከልከልም ክብሩን መንካት እንደሆነ ፈረደ። አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄዱ የንግድ ፎረሞች ከተፈረሙት ብዙ የመግባቢያ ሰነዶች ይልቅ ይህ አንድ ፍርድ ለቦኖሻ ነጋዴ የቀረበ ነው። ፍርዱን ያስገኙት ሁለቱ አካላት በስማቸው የንግድ ማኅበራት አይደሉም፤ ከፍርድ ቤት ውጭ ሥራቸው አስከሬን ወደ አገር መላክ፣ የታሠረ ማስፈታትና የተጣላ ማስታረቅ ነው። እንዲያም ሆኖ የንግድ ምክር ቤት ዋና ተግባር የሆነውን የአባልን የመነገድ መብት ማስከበር ፈጽመውታል።

ስምምነቶቹ

ኢትዮጵያ ከምሥረታው ጀምሮ የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) አባል ናት፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2000 ዘጠኝ አባላት ነፃ የንግድ ቀጣና ሲመሠርቱ አልገባችም፣ ከአባል አገሮች ለሚመጣ ዕቃ የአሥር በመቶ የቀረጥ ቅናሽ በመስጠት ተወሰነች። ለሆሳዕናው መስመር ይህ ብዙም ለውጥ አላመጣም፤ ደቡብ አፍሪካ የኮሜሳ አባል አይደለችምና። ሁለቱን አገሮች በአንድ የቀረጥ ሥርዓት ሥር ያመጣቸው እ.ኤ.አ. መጋቢት 21 ቀን 2018 በኪጋሊ የተፈረመው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። በስምምነቱ የሚጠቀም ላኪ የስሪት አገር ማረጋገጫ ይዞ መቅረብ አለበት።

ሻንጣ ውስጥ ይሄድ የነበረው የሻሾጎ በርበሬ በዚህ መንገድ ተፈጭቶ፣ ታሽጎና ተመዝግቦ ሊላክ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገዢ ፍለጋ አይደለም፤ ገዢው ጄፒ ላይ አለ። የጎደለው የጥራት ምርመራ ነው፤ በተለይ በርበሬ ባግባቡ ሳይደርቅ ሲቀር ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በየአገሩ ወደብ የሚያስመልሰው ችግር ነው። ምርቱን በጋራ የሚያደርቅ፣ የሚያስመረምርና በአንድ ስም የሚልክ የገበሬዎችና የነጋዴዎች ስብስብ አዋጅ 341 በፈቀደው የዘርፍ ማኅበር መልክ ሊቆም ይችላል።

ከሸቀጡ ስምምነት ጋር በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. በ2018 የአፍሪካ ኅብረት የሰዎችን ነፃ ዝውውር የሚመለከት ፕሮቶኮልም አጽድቆ ለፊርማ አቅርቦ ነበር። ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች ሊያጸድቁት ይገባል። እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ያጸደቁት ሩዋንዳ፣ ኒጀር፣ ማሊና ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከቦኖሻ የሚነሣ የታሸገ በርበሬ በቀረጥ ቅናሽ ጆሃንስበርግ መግባት ሲችል፣ የሚሸጠው ወጣት እስካሁን በሞያሌ በኩል በደላላ ይሻገራል።